ባለ25 ጊጋ ፖርት አልነሳ አለ፤ ያው ኬብል በ10 ጊጋ ግን ይሠራል (ኔክሰስ 93180)

ራክ 42 (ካዛንቺስ)

ሰላም ለቤቱ። ሁኔታውን ባጭሩ ላስቀምጠው።

ሁለት የሲስኮ ኔክሰስ 93180ዋይሲ-ኤፍኤክስ ስዊቾች አንድ ራክ አናት ላይ ተሰቅለዋል። በመካከላቸው ፖርት 53 እና 54 ላይ ባለ100 ጊጋ ኬብሎች አሉ፤ ለቪፒሲ (ሁለት ስዊች ለሰርቨሩ እንደ አንድ እንዲታይ የሚያደርግ አሠራር) ፒር-ሊንክ፣ ማለትም ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር። ሰርቨሮቹ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ባለሁለት ፖርት 25 ጊጋ ካርድ አላቸው (ሜላኖክስ ኮኔክትኤክስ-4 ኤልኤክስ)፣ የተጫነባቸው ኡቡንቱ ነው። ከእያንዳንዱ ሰርቨር አንዱ እግር ስዊች 1 ላይ፣ ሌላው ስዊች 2 ላይ ይገባል። ኬብሉ በሙሉ ፓሲቭ ዳክ ነው (መሰኪያው ከነገመዱ ተገጥሞ የሚመጣ፣ ምልክቱን የማያጎላ የመዳብ ኬብል)። ሁለት ሰርቨሮች በ1 ሜትር፣ ሁለት በ3 ሜትር፣ ጎረቤት ራክ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ደግሞ በ5 ሜትር ተያይዘዋል።

የሚታየው እንዲህ ነው፦

1 ሜትሮቹ ምንም ችግር የለባቸውም። 3 ሜትሮቹ ሁሉም «ኖት ኮኔክትድ» ናቸው። ፖርቱን «ስፒድ 10000» ስለው ወዲያው ይነሳል፤ ወደ 25000 ስመልሰው ይተኛል። 5 ሜትሮቹ ይነሱና ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ይወድቃሉ፤ ሎጉ በአፕ እና ዳውን ተሞልቷል። ኬብሎቹን በፖርት አቀያይሬአለሁ፣ ያው ነው። በ10 ጊጋ ስለሚሠሩ ኬብሎቹ ደህና ናቸው ብዬ ነው የማስበው።

ሁለተኛ፣ ሊንካቸው ከተነሳው ሰርቨሮች መካከል አንዳንዱ በፖርት-ቻነል (ሁለቱን እግር እንደ አንድ መስመር የሚያጣምረው) ውስጥ አንድ እግሩ «ሰስፔንድድ» (ታግዷል) ይላል።

ሦስተኛ፣ ጃምቦ ፍሬም (ከተለመደው 1500 ባይት የሚበልጥ ጥቅል) ከፍቼ ኤስኤስኤች ይገባል፣ ፒንግ ይመልሳል፣ ትልቅ ፋይል ከስቶሬጁ ስስብ ግን መሀል ላይ ድርቅ ይላል። ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንዱ ኮኔክሽን ያልፋል።

የተፈቀደልኝ ጊዜ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። ከየቱ ልጀምር?

---

ቀይ ፓች ኮርድ (ፒያሳ)

ወንድሜ፣ «በ10 ጊጋ ስለሠራ ኬብሉ ደህና ነው» የሚለውን መጀመሪያ ተወው። ለ3 ሜትሮቹ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለ5 ሜትሮቹ ግን ምንም አያረጋግጥልህም። በ10 ጊጋ መዳቡ ላይ የሚሄደው ምልክት በሰከንድ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ በ25 ጊጋ 25.78 ቢሊዮን። ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር መዳብ ምልክቱን የበለጠ ይበላዋል። ስለዚህ 10 ጊጋን ያለ ችግር ያሳለፈ ገመድ 25 ላይ የሚያደርሰው ምልክት ደካማና የተበላሸ ነው። ያንን ለማስተካከል የተቀመጠው ፌክ ነው፦ ላኪው ትርፍ ቢት ይጨምራል፣ ተቀባዩ በዚያ ተመርቶ ስህተቱን ያርማል። በ10 ጊጋ ዳክ ላይ ፌክ የሚባል ነገር ስለማታገኝ ነው እዚያ ላይ ያልተጋጨው።

ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ፌክ ካልተጠቀሙ ሊንኩ በዝግታ አይሄድም፣ ስህተትም አያበዛም፤ ጨርሶ አይነሳም። የ3 ሜትሮችህ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይኼ ነው።

በ25 ጊጋ ሦስት ምርጫ ነው ያለው፦ ያለ ፌክ፣ ኤፍሲ-ፌክ (ቀለል ያለው)፣ አርኤስ-ፌክ (ጠንካራው)። በደረጃው መሠረት ዳክ ኬብልም በዚያው ልክ ሦስት ክፍል አለው። ያለ ፌክ የሚሠራው ሲኤ-ኤን ይባላል፣ እስከ 3 ሜትር። ሲኤ-ኤስ ቢያንስ ኤፍሲ-ፌክ ይፈልጋል፣ እሱም እስከ 3 ሜትር። ሲኤ-ኤል እስከ 5 ሜትር ይሄዳል፣ አርኤስ-ፌክ ግድ ነው። የትኛው እንደሆነ በኬብሉ ራስ ውስጥ ባለችው ትንሽ ሚሞሪ ላይ ተጽፏል። ስዊቹ ያንን አንብቦ በራሱ ይመርጣል፤ ካርዱም አንብቦ በራሱ ይመርጣል። 1 ሜትር ላይ ምርጫቸው ስለገጠመ ነው የተነሳው። 3 ሜትር ላይ አንዱ ኤፍሲ ሌላው አርኤስ ብሎ ይሆናል።

አሁን የምትሠራው፦

ስዊቹ ላይ «ሾው ኢንተርፌስ ፌክ» በል። ሁለት ዓምድ ታያለህ፤ አድሚን የታዘዘው፣ ኦፐር በተግባር የሚሠራው። ሰርቨሩ ላይ «ኢትቱል --ሾው-ፌክ ኢኤንኤስ1ኤፍ0» (የመጨረሻው የካርዱ ፖርት ስም ነው)። ስሙ እንዳያደናግርህ፦ ስዊቹ ኤፍሲ-ፌክ የሚለውን ሊነክስ «ቤዝአር» ነው የሚለው። አንድ ናቸው።

ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ አርኤስ ላይ ቸንክራቸው። ስዊቹ ላይ ኢንተርፌሱ ውስጥ ገብተህ «ስፒድ 25000»፣ ቀጥሎ «ፌክ አርኤስ-ፌክ»። አንዳንዱ ስሪት አርኤስን በሁለት ስም ያመጣዋል፣ «አርኤስ-አይትሪፕልኢ» እና «አርኤስ-ኮንስ16»፤ «ፌክ» ብለህ የጥያቄ ምልክት ጻፍና ያለህን እይ። ሁለተኛው ከደረጃው በፊት የወጣው የኮንሰርቲየሙ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ጀምር። ሰርቨሩ ላይ «ኢትቱል --ሴት-ፌክ ኢኤንኤስ1ኤፍ0 ኢንኮዲንግ አርኤስ»።

አሁንም ካልተነሳ ኦቶ-ኒጎሺዬሽኑን (ሁለቱ ጫፍ በራሳቸው የሚስማሙበትን) እይ። አንዱ ጫፍ «ኖ ኒጎሺዬት ኦቶ» ሆኖ ሌላው ክፍት ከሆነ በ25 ጊጋ መዳብ ላይ አይገናኙም። ወይ ሁለቱም ክፍት፣ ወይ ሁለቱም ዝግ። ስትዘጋው ሰርቨሩ ላይ «ኢትቱል -ኤስ ኢኤንኤስ1ኤፍ0 ስፒድ 25000 ኦቶኔግ ኦፍ» (ኤሱ ትንሹ s ነው)።

አንድ ነገር ልብ በል፦ የኢትቱል ትእዛዝ ሰርቨሩ ሲነሳ ይጠፋል። መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ካለቀ በኋላ ሁሉም ሲመለስ ስዊቹ አርኤስ ላይ ይቆማል፣ ካርዱ ወደ ኦቶ ይመለሳል፣ አንተም ያኔ «ምንም ሳይነካ ተበላሸ» ትላለህ። ሲስተምዲ ሰርቪስ (ሊነክስ ሲነሳ በራሱ የሚሮጥ) ጻፍለት፣ ቦንዱ (በሰርቨሩ በኩል ሁለቱን እግር የሚያጣምረው) ከመነሳቱ በፊት እንዲሮጥ አድርገው።

አንዳንዱ ሰው ፌክ ሁሉንም አጥፋና ተገላገል ይልሃል። 1 ሜትር ላይ ይሠራል። 3 ሜትር ላይ ኬብሉ ሲኤ-ኤን ካልሆነ ሊንኩ ይነሳና ሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ ጥቅል) በትንሽ በትንሹ ይጠራቀማል። እሱ ሊንክ ካለመነሳት ይብሳል፤ ማንም ሳያየው ስቶሬጁን ያንገላታዋልና። አርኤስ የሚጨምረው መዘግየት ሩብ ማይክሮሰከንድ አካባቢ ነው። ለአንተ ሥራ ምንም ነው።

---

ራክ 42 (ካዛንቺስ)

እናመሰግናለን። አንድ ሰርቨር እንድነካ ተፈቅዶልኝ ሞከርኩት። «ሾው ኢንተርፌስ ፌክ» ላይ ስዊቹ ኤፍሲ፣ ካርዱ አርኤስ ነበሩ፤ በትክክል እንዳልከው። ሁለቱንም አርኤስ ሳደርግ የ3 ሜትሩ ተነሳ።

የ5 ሜትሩ ግን አርኤስ ላይም ሆኖ ይወድቃል። አሁን ደግሞ ፖርቱ «ኢረር-ዲሴብልድ» ብሎ ቀረ።

---

ብርሃን ለካሁ (ሜክሲኮ)

ኢረር-ዲሴብልድ ያለው በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለተነሳና ስለወደቀ ነው፤ ስዊቹ ራሱን ለመከላከል ይዘጋዋል። «ሾው ኢንተርፌስ ስታተስ ኢረር-ዲሴብልድ» ምክንያቱን ይነግርሃል። «ሻትዳውን» ቀጥሎ «ኖ ሻትዳውን» ካልክ ይከፈታል፣ ግን ምክንያቱን ሳታነሳ ኢረርዲሴብል ሪከቨሪ አታብራ። ራሱን እየከፈተ እየዘጋ ሎግህን ብቻ ይሞላዋል።

5 ሜትር ፓሲቭ መዳብ በ25 ጊጋ የድንበሩ ጫፍ ነው። በደረጃው ይፈቀዳል፤ መጠባበቂያ የለውም። የቆጠራ ቁጥሮቹን አንብብ፦ ሰርቨሩ ላይ «ኢትቱል -ኤስ» (እዚህ ኤሱ ትልቁ S ነው) ብለህ በውጤቱ ውስጥ «አርኤክስ_ኮሬክትድ_ቢትስ_ፋይ» እና «ሊንክ_ዳውን_ኢቨንትስ_ፋይ» የሚሉትን ፈልግ። የመጀመሪያው የታረመ ስህተት ነው፤ በአርኤስ ላይ ቢጨምር አያስደነግጥም፣ ሥራው ነው። ግን በየሰከንዱ በፍጥነት እየሮጠ ከሆነ ገመዱ ጫፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። አርኤስ በአንድ ጥቅል ውስጥ እስከ 7 የተበላሹ ምልክቶችን ብቻ ነው የሚያርመው፤ ስምንተኛው ሲመጣ ጥቅሉ በሙሉ ይጣላል።

ከመጣልህ በፊት ግን አንድ ነገር ፈትሽ፦ አጠማዘዙን። 5 ሜትሩ ወፍራም ነው፤ ትርፉን በራኩ ጎን ጠቅልለው በፕላስቲክ ማሰሪያ አንቀው ከሆነ ውስጡ ያሉት ጥንድ ሽቦዎች ተጨፍልቀዋል። ጥቅልሉ ከገመዱ ውፍረት ቢያንስ 10 እጥፍ ሬዲየስ ይኑረው፣ ማሰሪያውም ቬልክሮ ይሁን። የኬብሉ ራስ ፖርቱ ላይ በገመዱ ክብደት ወደታች የሚንጠለጠል ከሆነም ደግፈው። ገመዱን በእጅህ ስታነሳው ሊንኩ ከወደቀ መልሱ ተገኘ።

የኔ ምርጫ ግን ለነዚያ ሁለት ሰርቨሮች መዳቡን ትቶ ወደ ፋይበር መሄድ ነው። ለ4 ሊንክ 8 ኤስኤፍፒ28 ኤስአር ሞጁል (ለአጭር ርቀት፣ ምልክቱን ወደ ብርሃን የሚቀይር) እና 4 ባለሁለት ኮር ኤልሲ-ኤልሲ (የመሰኪያው ዓይነት) ኦኤም4 (የፋይበሩ ዓይነት) ፓች ኮርድ ያስፈልግሃል። 25 ጊጋ ኤስአር በኦኤም3 እስከ 70 ሜትር፣ በኦኤም4 እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ጎረቤት ራክ ምንም አይደለም። አክቲቭ ኦፕቲካል ኬብልም ይሆናል፤ አንድ ጫፉ ከተበላሸ ግን ሙሉውን ነው የምትጥለው። ሞጁል ሲሆን አንዷን ትለውጣለህ።

ስትገዛ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ የስዊቹ ጎን ሞጁል ለሲስኮ፣ የሰርቨሩ ጎን ደግሞ ለካርዱ ኮድ የተደረገ ይሁን። «ሁሉም ላይ ይሠራል» ከተባልክ ሱቁ ውስጥ እያለህ የትኛው ስዊች ላይ እንደተሞከረ ጠይቅ። ሁለተኛ፣ በስህተት 10 ጊጋ ኤስአር እንዳይሰጥህ ጽሑፉን አንብብ። ቅርጹ አንድ ነው፣ 25 ጊጋው ፖርት ውስጥም ይገባል፣ ሲነሳ ግን በ10 ነው።

ኤስአርም አርኤስ-ፌክ ይፈልጋል። ፋይበር ስለሆነ ፌክ አያስፈልገውም የሚል አለ፤ በ25 ጊጋ ኤስአር እና በ100 ጊጋ ኤስአር4 ግን ግዴታ ነው። የማያስፈልገው 100 ጊጋ ኤልአር4 (የረጅም ርቀቱ) ነው።

ከሰካህ በኋላ «ሾው ኢንተርፌስ ኢተርኔት 1/5 ትራንሲቨር ዲቴይልስ» በል፣ አርኤክስ ፓወር (የሚደርሰው የብርሃን መጠን) የሚለውን እይ። ለ25 ጊጋ ኤስአር የተቀባዩ ዝቅተኛ መጠን -10.3 ዲቢኤም ነው። በአጭር ፓች ኮርድ ላይ -1 እስከ -4 አካባቢ ካየህ ጤነኛ ነው። -8 ወይም -9 ካየህ ሊንኩ ቢነሳም ጫፉ ቆሽሿል። -30 እና ከዚያ በታች ማለት ብርሃን የለም፤ ባብዛኛው ሁለቱ ኮሮች ሳይጣመሩ ላኪ ከላኪ ጋር ገጥሟል። ኤልሲውን ክሊፑን ከፍተህ ሁለቱን ማገላበጥ ነው።

የፋይበር ጫፍ ሳታጸዳ አትሰካ፣ ከፕላስቲክ ከረጢቱ የወጣ አዲስም ቢሆን። መሀል ከተማ ላይ ግራና ቀኙ እየፈረሰ እየተገነባ በመሆኑ የሲሚንቶ አቧራ የማይገባበት ክፍል የለም። በአንድ ጠቅታ የሚያጸዳ የኤልሲ ብዕር ይበቃል። ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 ከመቶ አልኮል አትጠቀም፤ ውሃው ሲደርቅ ጫፉ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል። ከ99 ከመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል ካላገኘህ በደረቅ ብዕር አጽዳ። ጎማ መክደኛውንም አትጣለው፤ ያልተሰካ ሞጁል ያለ መክደኛ አቧራ መሰብሰቢያ ነው።

---

ቀይ ፓች ኮርድ (ፒያሳ)

እህቴ እውነቷን ነው፣ ስለ 5 ሜትሩ የሷን ስማ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ስዊቹን ከራኩ ጀርባ፣ ፖርቱ ከሰርቨሮቹ ካርድ ጋር ወደ አንድ ጎን ሆኖ ከሰቀልከው የፋኖቹን እጀታ ቀለም አይተሃል? በሲስኮ ሰማያዊው አየሩን በፖርት በኩል የሚያስወጣ ነው፣ ወይን ጠጁ በፖርት በኩል የሚስብ። ፖርቱ ወደ ትኩሱ ጎን ከሆነ ሰማያዊ ነው የሚያስፈልግህ። ወይን ጠጁ ከሆነ ስዊቹ የሰርቨሮቹን ትኩስ አየር እየጠጣ ነው፤ ኦፕቲክ ሞጁሎች ደግሞ ሙቀት አይወዱም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በአሽሬ (የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) መመሪያ ለተለመደው የሰርቨር ክፍል መሣሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የሙቀት ጣሪያ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። 35 የሚለው ጣሪያ እዚህ ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው። «ከተማችን ቀዝቃዛ ናት» ብሎ ኤሲውን ለሚያጠፋ ዘበኛ ንገርልኝ።

---

ቪላን 130 (አራት ኪሎ)

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ተረሳ መሰለኝ።

ሰስፔንድድ የሚለው። ኔክሰስ ከሰርቨሩ የኤልኤሲፒ (ሁለቱ ጫፍ እግሮቹን ለማጣመር የሚስማሙበት ፕሮቶኮል) መልእክት ካልደረሰው እግሩን ያግደዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ በእርግጥ እየላከ እንደሆነ አረጋግጥ። ኡቡንቱ ኔትፕላን (የኔትወርክ ኮንፊግ ፋይሉ) ላይ ቦንድ ጽፈህ «ሞድ» የሚለውን መስመር ከረሳኸው የሚሰጥህ ባላንስ-አርአር ነው፤ እሱ ኤልኤሲፒ አይናገርም። 802.3ኤዲ (የኤልኤሲፒው ሞድ) ብለህ በግልጽ ጻፍ። አብሮ ኤልኤሲፒ-ሬት ፋስት፣ ኤምአይአይ ሞኒተር 100 (ሊንኩን በየ100 ሚሊሰከንድ እንዲያይ)፣ ሃሹ (የትኛው ኮኔክሽን በየትኛው እግር እንደሚሄድ የሚወስነው) ደግሞ ሌየር3+4። ፋስት ማለት በየ1 ሰከንድ መልእክት፣ 3 ሰከንድ ዝም ካለ እግሩ ይወጣል። ስሎው ከሆነ በየ30፣ ለመውጣት 90 ሰከንድ። ሊንኩ ሳይወድቅ መሀሉ ሲበላሽ ልዩነቱ ይታይሃል።

ሁለተኛው ምክንያት የራስህ እጅ ሊሆን ይችላል፦ ለሙከራ «ስፒድ 10000» ያልካቸውን ሁሉ መልሰሃል? አንድ እግር 25፣ ሌላው 10 ከሆነ ሊነክስ ሁለቱን በተለያየ አግሪጌተር (የእግሮች ቡድን) ውስጥ ያስገባቸዋል፣ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። «ካት /ፕሮክ/ኔት/ቦንዲንግ/ቦንድ0» በል፤ የሁለቱም እግር አግሪጌተር አይዲ አንድ ቁጥር መሆን አለበት። የፓርትነር ማክ አድራሻውም በሁለቱም ላይ አንድ ይሁን፣ በ00፡23፡04 የሚጀምር። ቪፒሲ ሁለቱን ስዊቾች አንድ አስመስሎ የሚያሳየው በዚያ አድራሻ ነው፣ መጨረሻው የሚወሰነው ደግሞ በዶሜይን ቁጥሩ ነው። ሁለቱ እግሮች የተለያየ ፓርትነር ካሳዩ ስዊች 2 ላይ የቪፒሲ ቁጥሩን ረስተሃል ወይም አሳስተሃል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል፣ በሁለቱም ስዊች ላይ፦ መጀመሪያ «ፊቸር ኤልኤሲፒ»፣ «ፊቸር ቪፒሲ»፣ «ፊቸር ኢንተርፌስ-ቪላን»፣ «ፊቸር ኤልኤልዲፒ» (መሣሪያዎች ከማን ጋር እንደተያያዙ የሚነጋገሩበት)። ፊቸሩ ካልበራ ትእዛዙ ራሱ አይታወቅም። ከዚያ ፖርት-ቻነሉን ፍጠር፦ ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ፣ የተፈቀዱ ቪላኖች (በአንድ ገመድ ላይ ተለያይተው የሚሄዱ ኔትወርኮች)፣ «ስፓኒንግ-ትሪ ፖርት ታይፕ ኤጅ ትራንክ» (የሉፕ መከላከያው ፖርቱን እንዳያቆየው)፣ «ኤምቲዩ 9216» (የጥቅሉ ትልቁ መጠን)፣ «ቪፒሲ 11»። በመጨረሻ አካላዊ ፖርቱ ውስጥ «ቻነል-ግሩፕ 11 ሞድ አክቲቭ»። ፖርቱ ቀድሞ ሌላ ነገር ተጽፎበት ከሆነ «አይጣጣምም» ብሎ ይመልስሃል፤ «ዲፎልት ኢንተርፌስ ኢተርኔት 1/11» ብለህ አጽዳውና ድገም። «ፎርስ» የሚለውን የሚጠቀሙም አሉ፣ እኔ ግን ምን እንደተደመሰሰ ሳላይ አልወደውም። «ዲፎልት» ስትል ግን ፌኩም አብሮ እንደሚጠፋ አትርሳ፤ ቀይ ፓች ኮርድ ያጻፈህን መልሰህ ትጽፋለህ።

ቪላን ስትጨምር «አድ» የሚለውን ቃል ከረሳህ ጉድ ነው። «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 130» ማለት 130ን ጨምር ማለት አይደለም፤ ከ130 በቀር ሁሉንም አውጣ ማለት ነው። «አላውድ ቪላን አድ 130» ነው የሚባለው። የሥራ ትእዛዙን ስትጽፍ መስመሩን ሙሉውን ጻፈው፣ በቃል አትተማመን።

ጃምቦው። «አንዳንዱ ያልፋል» ያልካት ቃል ጥሩ ፍንጭ ናት። ሃሹ አንዳንዱን ኮኔክሽን በስዊች 1፣ አንዳንዱን በስዊች 2 ይልካል። ኤምቲዩ በአንዱ ላይ 9216፣ በሌላው 1500 ከሆነ ግማሹ ሰው ደስ ብሎት ግማሹ ያለቅሳል። ኤስኤስኤች ሲከፈት ጥቅሉ ትንሽ ስለሆነ በሁለቱም ያልፋል። ፒንግም እንዲሁ፣ ዝም ብለህ ስትልከው 56 ባይት ነው። የምትፈትሸው እንዲህ ነው፦ «ፒንግ -ኤም ዱ -ኤስ 8972» ብለህ የስቶሬጁን አድራሻ ስጠው። ከ9000 ላይ 20 ባይት የአይፒ፣ 8 የአይሲኤምፒ ሲቀነስ 8972 ነው። «-ኤም ዱ» መሀል ላይ እንዳይቆራርጡት ነው፤ እሱ ካልተጨመረ ፈተናው ውሸት ነው።

ካላለፈ አንዱን እግር በየተራ ዝጋና ድገመው፤ የትኛው ስዊች እንደሆነ ይለያል። በዚያ ስዊች ላይ አራት ቦታ ተመልከት፦ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ፖርት-ቻነል፣ ወደ ስቶሬጁ የሚሄደው፣ ፒር-ሊንኩ፣ እና ትራፊኩ ከአንድ ሰብኔት ወደ ሌላ የሚያልፍ ከሆነ የቪላን ኢንተርፌሱ። የመጨረሻው ባብዛኛው የሚረሳው እሱ ነው፤ ሁሉም ፖርት 9216 ሆኖ «ኢንተርፌስ ቪላን 130» በ1500 ተቀምጦ ይገኛል። «ሾው ቪፒሲ ኮንሲስተንሲ-ፓራሜተርስ ቪፒሲ 11» የሁለቱን ስዊች ኮንፊግ ጎን ለጎን ያወጣልሃል፣ እዚያ የማይመሳሰል መስመር ዓይን ይወጋል።

---

ማታ ፈረቃ (ስታዲየም)

ስለ እሑዱ ሰዓት ልናገር፣ ማንም አላነሳውምና።

«ከጠዋቱ 12 እስከ 3» ያልከው በስዊቹ ሰዓት 06:00 እስከ 09:00 ነው። የሰዓት ዞኑ ካልተሞላ ስዊቹ በዩቲሲ (በግሪንዊች ሰዓት) ነው የሚቆጥረው፤ ያኔ 03:00 ብሎ የሚያሳይህ ሥራህ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ሎግ የሚያነብ ሰው ደግሞ 03:00ን አይቶ «3 ሰዓት፣ ጊዜው አልቋል» ይላል። መጀመሪያ «ክሎክ ታይምዞን ኢኤቲ 3 0» ጻፍ፣ ኤንቲፒ (ሰዓቱን በኔትወርክ የሚያስተካክለው) አያይዝ፣ የሥራ ትእዛዙ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀምጥ።

ሥራ ከመጀመርህ በፊት «ቼክፖይንት ከእሑድ-በፊት»። ነገሩ ከከፋ «ሮልባክ ረኒንግ-ኮንፊግ ቼክፖይንት ከእሑድ-በፊት»። ኮንሶል ኬብሉ ተሰክቶ ላፕቶፑ ክፍት ይሁን፤ በኤስኤስኤች ብቻ ገብተህ የምትገባበትን ፖርት ከዘጋህ ታክሲ መጠበቅ ነው። በአሪስታ ቢሆን «ኮሚት ታይመር» በ5 ደቂቃ፣ በጁኒፐር ቢሆን «ኮሚት ኮንፈርምድ 5» ካላጸደቅከው ራሱ ይመልሰዋል። ኔክሰስ ላይ ግን ኮንሶልህን እመን።

ስትጨርስ «ኮፒ ረኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ»፣ በሁለቱም ላይ። ሦስት ሰዓት ለፍተህ ይህችን መስመር ብትረሳ፣ መብራት ሲሄድ ልፋትህም አብሮ ይሄዳል።

ስለ መብራት ካነሳን፦ ኪፕአላይቩ (ሁለቱ ስዊቾች «አለሁ» የሚባባሉበት መልእክት) በማኔጅመንት ፖርት በኩል የሚሄድ ከሆነ፣ ያቺ በመሀል ያለችው ትንሽ ማኔጅመንት ስዊች የት ነው የተሰካችው? ግድግዳው ላይ ከሆነ መብራት ሲሄድ ትጠፋለች፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ ኪፕአላይቭ የለም። ለብቻው ምንም አይጎዳም፤ ፒር-ሊንኩ እስካለ ቪፒሲው ይቀጥላል። በዚያች ደቂቃ ፒር-ሊንኩም ከተቋረጠ ግን ሁለቱም ስዊቾች «እኔ ነኝ ዋናው» ይላሉ። ዩፒኤስ ላይ አስገባት፤ የምትበላው ኃይል ኢምንት ነው። «ኦቶ-ሪከቨሪ» መከፈቱንም በ«ሾው ቪፒሲ» አረጋግጥ፤ ሁለቱም ጠፍተው አንዱ ብቻ ቢነሳ፣ መደበኛው 240 ሰከንድ ሲያልፍ ብቻውን ሥራ እንዲጀምር የሚያደርገው እሱ ነው።

---

ራክ 42 (ካዛንቺስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባላንስ-አርአር ነበር፤ ሞዱን ማንም አልጻፈውም። የስዊች 2 «ኢንተርፌስ ቪላን 130»ም 1500 ላይ ነው። ለሁለቱ ሰርቨሮች የኤስአር ሞጁል ጠይቄአለሁ።

ሁለት ትንንሽ ጥያቄ ቀረችኝ። አንዱን ሰርቨር በኔትወርክ ቡት አድርጌ እንደ አዲስ ልጭነው ነበር። ቦንዱ ሳይኖር ስዊቹ ሁለቱንም እግር ያግዳቸዋል፤ ከዲኤችሲፒ አይፒ አድራሻ አያገኝም። በየጊዜው ፖርት-ቻነሉን ማፍረስ ነው? ደግሞ የትኛው ኬብል የት እንደተሰካ በኤልኤልዲፒ ላረጋግጥ ብዬ አንድ ኢንቴል ኤክስ710 ያለበት የድሮ ሰርቨር ላይ ምንም አይታይም።

---

ቪላን 130 (አራት ኪሎ)

አታፍርሰው። ፖርት-ቻነሉ ውስጥ ግባ፣ መጀመሪያ «ሻትዳውን»፣ ከዚያ «ኖ ኤልኤሲፒ ሰስፔንድ-ኢንዲቪጁዋል»፣ ከዚያ «ኖ ሻትዳውን»። ሳትዘጋው ብትሞክር አይቀበልህም። በሁለቱም ስዊች ላይ አድርገው። ከዚያ በኋላ ኤልኤሲፒ ያልመጣበት እግር እንደ ተራ ፖርት ይሠራል፤ ሊነክሱ ተጭኖ ቦንዱ ሲነሳ በራሱ ወደ ቻነሉ ይገባል። ቡት የሚያደርገው ካርድ ታግ (የቪላን ምልክት) ስለማያውቅ የመጫኛው ቪላን የትራንኩ ኔቲቭ (ያለ ታግ የሚያልፈው) መሆን አለበት፣ ኔቲቩም በሁለቱም ስዊች አንድ ይሁን። «ኤጅ ትራንክ» ያልኩህን ካልጻፍክ ስፓኒንግ-ትሪ ፖርቱን 30 ሰከንድ ያቆየዋል፣ ካርዱ ደግሞ ያን ያህል ሳይጠብቅ ዲኤችሲፒ አጣሁ ብሎ ወደ ዲስክ ይዞራል።

---

ብርሃን ለካሁ (ሜክሲኮ)

የኤክስ710ን ጉዳይ ደግሞ እኔ ልመልስ፦ የካርዱ ፈርምዌር ውስጥ የራሱ ኤልኤልዲፒ አለ፣ ከስዊቹ የመጣውን ለሊነክስ ሳያሳልፍ ይውጠዋል። «ኢትቱል --ሴት-ፕሪቭ-ፍላግስ ኢኤንኤስ2ኤፍ0 ዲሴብል-ኤፍደብሊው-ኤልኤልዲፒ ኦን» በል፣ «ኤልኤልዲፒዲ» ሰርቪሱም መጫኑን አረጋግጥ። ኤልኤልዲፒ በነባሪው በየ30 ሰከንድ ስለሚላክ ግማሽ ደቂቃ ጠብቀህ ስዊቹ ላይ «ሾው ኤልኤልዲፒ ኔበርስ» ብትል የሰርቨሩን ስም ከፖርቱ ጎን ታያለህ።